አንድ እጅጌና አርባ አንድ ገጽ ሲቀራቸው

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታረም። ባለፈው ረቡዕ ለልቅሶ የመጡ የቤተ ክርስቲያን እናቶች፣ ወንበሩ ላይ ከነመርፌው የተቀመጠውን ግራጫ ሹራብ አይተው የሟችን ባለቤት እምሜ ማካውታን አቅፈው፣ «አይዞሽ እህቴ፣ እጅሽን አታሳርፊ። ይህን የጀመርሽውን ስትጨርሺ ኀዘኑም ይቀልልሻል» ብለዋቸዋል። አጠገቡ የነበረውን መነጽርም አንሥተው በእጃቸው አስይዘዋቸዋል። እምሜ ማካውታም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀበሉ። እነዚያ እናቶች ከታችኛው መንደር ስለመጡ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን እምሜ ማካውታ በዕድሜያቸው አንዲት ካልሲ እንኳ ሠርተው አያውቁም። ሹራቡም፣ መርፌውም፣ መነጽሩም፣ ከመነጽሩ ሥር የነበረው መጽሐፍም የሟቹ የንታቴ ፓኪሶ ሌቡሳ ናቸው፤ በእኛ ዘንድ አባትን ንታቴ፣ እናትን እምሜ ብለን እናከብራለን። የሰውዬው ታሪክም ከዚያ ወንበር ላይ ካለው ነገር ውጭ ስለማይነገር፣ ቤተሰቡ «አንተ ጎረቤታቸው ነህ፣ ጻፍ» ሲለኝ ከዚያው ጀመርኩ።

ንታቴ ፓኪሶ ሌቡሳ ከአባታቸው ከንታቴ ሞኮና ሌቡሳና ከእናታቸው ከእምሜ ማትላሊ፣ በሞኮትሎንግ ተራሮች ውስጥ በምትገኘው በዚህችው በሃ ሴኮኣ መንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ተወለዱ። ቀኑን የጻፈው የለም። እናታቸው ግን «በረዶው በሩን ከውጭ የዘጋብን ሳምንት ነው፤ አዋላጇን በመስኮት ነው ያስገባናት» ይሉ ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ቤት ገብተው ሦስት ሳምንት ተማሩ። በአራተኛው ሳምንት በጎቹ ጠባቂ አጡና በእርሳቸው ቦታ ታናሽ እህታቸው ኬፉዌ እንድትማር ተደረገ። በእኛ ዘንድ በጉን ወንድ ልጅ ይጠብቃል፣ ፊደሉን ሴት ልጅ ትቆጥራለች። እምሜ ኬፉዌም ተምረው አስተማሪ ሆነው፣ በጡረታ ተከብረው ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ። ንታቴ ፓኪሶ በበኩላቸው የአራት መቶ በግ ፊት ለይተው ያውቁ ነበር፤ ስማቸውን ግን መጻፍ አይችሉም ነበር።

በ1972 እንደ እኩዮቻቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ የወርቅ ጉድጓድ ወረዱ። በ1976 እምሜ ማካውታን በሕግ አገቡ። በዓመቱ የተወለደውን የመጀመሪያ ልጃቸውንም ካውታ፣ ማለትም ወርቅ ብለው ሰየሙት። «ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ለእኔ የደረሰኝ ወርቅ ይህ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። እምሜ ማካውታ ማንበብና መጻፍ ይወዱ ስለነበር በየወሩ ደብዳቤ ይልኩላቸዋል። ደብዳቤውን የሚያነብላቸው የወርቅ ሠራተኞቹ ካምፕ ጸሐፊ ነው። ንታቴ ፓኪሶ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ማንበብ ሲችሉ፣ እነዚያን ደብዳቤዎች ከቆርቆሮ ሣጥን አውጥተው ራሳቸው ቢያነቧቸው ከዳር እስከ ዳር ስለ በግ ነው። በግ ወለደች፣ በግ አነከሰች፣ በግ ተሸለተች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ በግ ብቻ ነው የጻፍሽልኝ!» ቢሏቸው፣ «ታዲያ ጸሐፊው ሊያነበው ምን ልጻፍ?» ብለው መልሰዋል።

በ1983 ድንጋይ ተንዶ እግራቸውን ሰብሮት አሥራ አንድ ሳምንት በሆስፒታል ተኙ። እዚያ አንዲት ነርስ፣ ሥራ የፈታ እጅ ሕመም ያባብሳል ብላ፣ ለተኙት ወንዶች ሁሉ ሁለት ሁለት መርፌና የሱፍ ክር አደለቻቸው። መጀመርና መቀጠል አስተማረቻቸው፤ መቋጨት ሳታስተምራቸው ግን ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች። ስለዚህ ንታቴ ፓኪሶ እያነከሱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በጆንያ ጠቅልለው የያዙት ቀይ የአንገት ልብስ፣ ከበሩ ጀምሮ ግቢውን ዞሮ ከከብቶቹ በረት ይደርስ ነበር። መቋጫውን ያሳየቻቸው የእኔ አያት ናት። «ልጄ፣ ይህን ማን ይልበሰው ብለህ ነው? እባብ?» ብላቸው ነበር ይባላል።

ወንድ ልጅ በአደባባይ ተቀምጦ ሹራብ ሲሠራ በዚህ መንደር የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው። አንዳንዱም «ንታቴ ፓኪሶ፣ ቀሚሱንስ መቼ ይለብሱታል?» እያለ ቀልዷል። እርሳቸው ቀና ሳይሉ «ጆሮህ ሲቀዘቅዝ ንገረኝ» ነበር መልሳቸው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የወደቀው በረዶ ጉልበት ድረስ ነበር። ከቀላጆቹ መካከል ፊት የሚሸፍነውን የሱፍ ቆብ ለመለመን ያልመጣ ካለ ዛሬ እጁን ያውጣ። ከቆቡ አልፈን ሥራውን ራሱን ከእርሳቸው የተማርን ወንዶች አሥራ አንድ ነን።

ንታቴ ፓኪሶ መጻፍ ስለማይችሉ የሰውን ልክ በክር ላይ ይቋጥሩ ነበር። አንዱ ቋጠሮ አንገት፣ አንዱ ደረት፣ አንዱ ክንድ ነው። የተለካነው የሠላሳ አራታችን ክር በበሩ ኋላ ካለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የእኔ ቢጫው ነው፤ የሆዱ ቋጠሮ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ እንደገና ተቋጥሯል። «ሞኬቲ፣ አንተን ከምለካ ተራራውን ብለካ ይሻለኛል። እሱ ቢያንስ ባለበት ይቆማል» ብለውኛል።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እምሜ ማካውታ ከሚስዮኑ የመጽሐፍ ሣጥን የመጣውን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ንታቴ ፓኪሶ ይሠራሉ፣ እኛ ግድግዳውን ተደግፈን እየሠራን እንሰማለን። ቤቱ እንዲህ ባለ ሁኔታ ሃያ ስምንት ዓመት ቆየ። በ2012 የእምሜ ማካውታን ዓይን ሞራ ጋረደው፤ አንዱን መጽሐፍ እኩሌታው ላይ አጥፈው አስቀመጡት። በዚያ ክረምት ያ ቤት ዝም አለ።

በተከታዩ ዓመት ንታቴ ፓኪሶ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው እህታቸው ደጃፍ ሄደው፣ «ኬፉዌ፣ ያን ጊዜ የተማርሽልኝን አሁን መልሰሽ አስተምሪኝ» አሏቸው። እርሳስ በጣታቸው አልያዝ ሲል፣ እምሜ ኬፉዌ ፊደሉን በካሬ ወረቀት ላይ እየሳሉ ሰጧቸው፤ እርሳቸውም እያንዳንዱን ፊደል በሱፍ ክር ሠሩት። ሃያ ስድስቱም የላቲን ፊደላት እስካሁን ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ያስቸገራቸው ኤስ ነው፤ «ይህ እባብ እንጂ ፊደል አይደለም፣ በመርፌ አይያዝም» ብለው ሁለት ጊዜ ተርትረውታል። ከዚያ ያ የታጠፈው መጽሐፍ ተከፈተ። በመርፌያቸው እየጠቆሙ «ሴት... ዮዋ... በ... ሩን... ከፈ... ተች» ሲሉ፣ እምሜ ማካውታ «እስክትከፍተው እኔ አረጀሁ እኮ» አሉ። የመጀመሪያዋ ገጽ አራት ቀን ፈጀች። ከዚያ ወዲያ ግን ሐሙስ ተመልሶ ሐሙስ ሆነ።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ብቻ መጽሐፈ ምሳሌን፣ ንብ ሳይኖራቸው ስለ ንብ እርባታ የተጻፈውን፣ እንዲሁም ስለ እናቶች ጤና የሚያስተምረውን አንድ ወፍራም መጽሐፍ አንብበው ጨርሰዋል። ከዚህ ከመጨረሻው የተነሣ ለሁለት ወር ያህል እርጉዞች በዚህ በር ማለፍ ትተው ነበር፤ ሳይመከሩ አይለቀቁማ! መጨረሻ ላይ የያዙት ሽፋኑ የወደቀ፣ ርእሱ የማይታወቅ፣ በገዛ ቤቱ ተመርዞ ስለተገኘ ዳኛ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። መንደሩ ስለ ገዳዩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የሟች ታላቅ ወንድም ንታቴ ትላሊ «ወጥ ቤቷ ናት» ይላሉ፤ እምሜ ማካውታ «አማቹ ነው» ይላሉ። ንታቴ ፓኪሶ ፈገግ ከማለት በቀር ወገን አልያዙም።

ከጉድጓዱ አቧራ የተረፈው የሳንባ ሕመም ካለፈው መጋቢት ጀምሮ ጸናባቸው። ሆስፒታል ቢታከሙም «የቤቴ ወንበር ይሻለኛል» ብለው ተመለሱ። ሐምሌ 9 ቀን 2019፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ሳለ ዐረፉ። በመርፌ ላይ የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ለንታቴ ትላሊ ከታሰበው ካልሲ የግራው፣ እንዲሁም አንድ እጅጌ የጎደለው ግራጫ ሹራብ። መጽሐፉ ገጽ 212 ላይ ቆሟል። አርባ አንድ ገጽ ይቀረዋል።

ትናንት ሐሙስ በዚህ ጉዳይ ላይ በቤተሰቡ መካከል ንግግር ሆነ። ንታቴ ትላሊ ሣጥኑ አጠገብ ቆመው፣ «መርፌውም፣ ሹራቡም፣ መጽሐፉም ከእሱ ጋር ይግባ። ወንድ ልጅ ከመሣሪያው ተለይቶ አይቀበርም። አባታችንን ከነበትሩ ነው የቀበርነው» አሉ።

እምሜ ኬፉዌ፣ «ወንድሜ፣ በትር አይጨረስም። ሹራብ ግን ይጨረሳል» አሉ።

«ለማን ብሎ ይጨረሳል? ባለቤቱን አምጡልኝና እተወዋለሁ። ባለቤት ከሌለው የእሱ ነው፣ አብሮት ይገባል።»

ነገሩ ትክክል ስለሆነ ሠላሳ አራቱን ክሮች ከምስማሩ አውርደን አንድ በአንድ ከሹራቡ ጋር አስተያየን። የኔው ቢጫ ገና ሲዘረጋ ሣቅ ሆነ። እምሜ ማካውታ ከተቀመጡበት የኀዘን ፍራሽ ላይ ሆነው «የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህርት ሹራብ ነው ብሎኛል፤ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ» አሉ። የርእሰ መምህሯን ክር ብንዘረጋው ክንዱ በሦስት ጣት ረዘመ። ሠላሳ አራተኛውም እምቢ አለ። ንታቴ ትላሊ ሹራቡን ከነመርፌው ይጠቀልሉት ጀመር። ይህን ሲያደርጉ ደስ ብሏቸው አልነበረም።

«እስቲ ወዲህ አምጡት» አሉ እምሜ ማካውታ።

ሰጠናቸው። አንገቱን ዳበሱ፣ ደረቱን በስንዝር ለኩ፣ ከዚያ ክንዳቸውን ባለቀው እጅጌ ውስጥ አስገቡ። ጫፉ ልክ እጅ አንጓቸው ላይ ቆመ። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ንታቴ ፓኪሶ ለባለቤታቸው አንድም ነገር አልሠሩም ነበር። ገና ከመጀመሪያው «በቅድሚያ ለሚበርደው ሰው» ብለው የከለከሏቸው ራሳቸው እምሜ ማካውታ ናቸው። የሚበርደው ሰው ደግሞ እዚህ አገር አልቆ አያውቅም።

«ግን እኮ እምሜ፣ የእርስዎ ክር ምስማሩ ላይ የለም» አልኳቸው።

«አርባ ሦስት ዓመት ያቀፈው ሰው ክር ምን ያደርግለታል?»

ንታቴ ትላሊ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። እምሜ ማካውታ ቀጥለው፣ «ያን ቀዩን የሆስፒታሉን ይዞ ይሂድ። የጀመረበት እሱ ነው፣ ደግሞም ተቋጭቷል። ያልጨረሰውን እኛ እንጨርሳለን» አሉ። ስለዚህ ዛሬ ንታቴ ፓኪሶ በብርድ ልብሳቸው ላይ ያንን ረጅም ቀይ የአንገት ልብስ ሰባት ጊዜ ተጠምጥመው ይሸኛሉ።

ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ አሥራ አንዳችን በየተራ እጅጌውን እንሠራለን፣ እምሜ ኬፉዌ አርባ አንዱን ገጽ ያነባሉ። እምሜ ማካውታም «ሞኬቲ ክር አጥብቆ ይስባል፤ ከክርን በላይ እንዳታስነኩት» ሲሉ አስጠንቅቀዋል። ንታቴ ትላሊ በበኩላቸው ጥቂት አሰብ አድርገው «ካልሲዬስ?» ብለዋል። እርሱም ይሠራል።

ንታቴ ፓኪሶ ባለቤታቸውን እምሜ ማካውታን፣ ልጃቸውን ካውታን፣ ሴት ልጃቸውን ንታቱዋን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውን ንታቴ ትላሊንና እህታቸውን እምሜ ኬፉዌን ትተው አልፈዋል። እምሜ ማካውታ «ዓይኔ ከበራ ማን ያነብልኛል?» እያሉ ሁለት ጊዜ የገፉትን የዓይን ሕክምና፣ መስከረም ላይ ሐኪሞቹ ሲመጡ እንዲያስመዘግቧቸው ትናንት ማታ ለንታቱዋ ነግረዋታል። ሹራባቸውን ለብሰው ይሄዳሉ።

እርሳቸው የብዙ ሰው ራስ ከብርድ እንደሸፈኑ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይሸፍናት። በረዶ በሩን የማይዘጋበት ቤት ያግባልን፤ ለቀረነውም የጀመርነውን የምንቋጭበት ዕድሜ ይስጠን።

ይህን ጽፌ ዛሬ ዓርብ ጠዋት፣ ቄሳችን ባሉበት ለእምሜ ማካውታ አነበብኩላቸው። የሚታረም ካለ ብዬ ስጠይቃቸው የባለቤታቸውን መነጽር አንሥተው በመዳፋቸው ያዙ። ቄሱም ሊያጽናኗቸው እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ «አይዞዎት እምሜ። ንታቴ ፓኪሶ አሁን ካሉበት ቦታ የተሰወረባቸው ነገር የለም፤ ሁሉን ያውቃሉ» አሏቸው።

እምሜ ማካውታ መነጽሩን እያገላበጡ፣ «ታዲያ የካውታ አባት፣ ዳኛውን ማን እንደገደለው ለማወቅ ብሎ ነው ይህን ያህል የቸኮለው?» አሉ።