ሦስት የግራ ስፖኪዮ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤ ሰላምታዬ እንደ ስልክህ አጭር ነው።

ለዚያ ትተኸው ለሄድከው የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክልህ ያገለገለ የቀኝ ስፖኪዮ ግዙልኝ ስላልክ፣ አባዬ ሦስት ጊዜ መለዋወጫ ተራ ሄደ። ሞዴሉ ልክ ነው፤ ሦስቱም ግን የግራ ናቸው። ሻጩን ላንቀው ስሄድ፣ «አባባ ራሳቸው ናቸው የመረጡት፤ በየቀኑ እንደ አዲስ ይመጣሉ» አለኝ። አርባ ዓመት ሞተር የፈታ ሰው! አንተ ደግሞ በስልክ «አስተውሎ ቢገዛ ምን አለበት» ትላለህ። አፍህን ሰብስብ!

ትናንት ሞተርህን እየወለወለ፣ «ባለቤቱ መቼ ነው የሚወስደው?» አለኝ።

«የልጅህ ነው እኮ» አልኩት።

ሳቀብኝ። «የኔ ልጅ እግሩ መቼ ፔዳሉ ላይ ደርሶ!»

ስፖኪዮውን ተወውና ራስህ ና። የቀረውን ሰላምታ በሩን ስከፍትልህ እጨርሰዋለሁ።

ታላቅ እህትህ