ከጫፉ ወዲያ የመለሰው

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ከማኅበራችን ሊቀመንበር ምላስ ይሻላል። ባሕሩን ልሻገር ነው ብለህ ከደወልክልኝ ወዲህ ስልክህ ዝግ ነው። ይህን የምልከው እደርስበታለሁ ብለህ በተውክልኝ አድራሻ ነው።

ደናችንን ትል ፈጀው። የደን ማኅበራችን ስንት ዓመት የጠበቀው ዛፍ ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። ሥሩ ስትቆም ትሎቹ ሲያኝኩ ካፊያ የሚወርድ ይመስልሃል፤ ቀና ስትል ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከግብርና ቢሮ የተላከች ባለሙያ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት አመጣችልን። "መርዝ አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው፤ ትሉን እንጂ ሰውም ንብም አይነካም" አለች። ሊቀመንበሩም "እኛ ከበሽታ ስንሸሽ እሷ በከረጢት ይዛልን መጣች!" ብሎ አሳቀን። ፀሐይ ስለሚያበላሸው የምንረጨው አመሻሽ ላይ ነው።

አሠራራችንን መቼም አትረሳውም። መርጫ አዝለን ጎን ለጎን እንሰለፋለን፤ ዛፉ ስለሚከልለን ከአንደኛው ዳር ጀምሮ እያንዳንዱ በተራው "አለሁ!" ይላል። የመጨረሻው ሰው "አለሁ፣ ጫፍ!" ሲል ሁላችንም ወደፊት እንራመዳለን። ያ ቦታ ያንተ ነበር፤ "ጭራው" ያሉህም ለዚሁ ነው። አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ተራዬ ደረሰና "አለሁ፣ ጫፍ!" አልኩ። ከኔ ወዲያ፣ ማንም ከሌለበት ጥሻ ውስጥ፣ "አለሁ፣ ጫፍ!" የሚል ድምፅ መጣ። የገደል ማሚቶ ነው እንዳልል የወንድ ድምፅ ነው። ከጎኔ የነበረው አናጢው ጎረቤታችን "እትዬ፣ የጭራው ድምፅ ነው እኮ!" ብሎ መርጫውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። "ሟርተኛ! ልጄ ባሕር ማዶ ነው!" ብዬ ጮኽኩበት።

ከቀናት በኋላ ትሎቹ መብላት አቆሙ፤ ጠቁረው ቅርንጫፉ ላይ ተንጠለጠሉ። ማንም ያልረጨው፣ ከኔ ወዲያ ያለው ረድፍም እንደዚያው ሆነ። ባለሙያዋ "ነፋስ ወስዶት ነው" አለች። የዚያን ቀን እኮ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም! ብቻዬን ሄጄ አየሁት። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል፤ ዱቄቱ መስሎኝ በጣቴ ቀመስኩት። ጨው ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

ነገ ሁለተኛው ዙር ነው። አዲስ የተፈለፈሉት ካልተረጩ ደኑ አለቀለት። ሰው ግን ፈርቷል፤ ጫፉን የሚይዝ ጠፋ። "እኔ አለሁላችሁ" አልኩ። ሊቀመንበሩ፣ ያ ቀልደኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ አትፈሪም?" አለኝ። "ምን ያስፈራኛል!" አልኩት። ውሸቴን ነው ልጄ፣ ፈርቻለሁ።

ልጅ ሳለህ ስጠራህ ዝም ብለህ ስንቴ አቃጥለኸኛል! ነገ ግን እንደዚያው ዝም በልልኝ። እለምንሃለሁ፣ እዚያ ጥሻ ውስጥ አትመልስልኝ። ዝም ካልከኝ ቤቴ ገብቼ እንቅልፌን እተኛለሁ፤ ስልክህንም እጠብቃለሁ። ከመለስክልኝ ግን ወደፊት አልራመድም፤ ወዳንተ ነው የምዞረው። ጫፉን ለብቻህ አልተውልህም።

ፈጣሪ ያለህበት ድረስ ይከተልህ። እግርህ ደረቅ መሬት ይርገጥልኝ።

እናትህ