ስለተደፋው እርሾና ስለ ቤኪንግ ፓውደርዎ

ለተከበሩ አቶ ሙሉሃብት፣
የቀበሌያችን የሞዴል ቤተሰብ አስተባባሪ፤

ጤናዎ እንደ ስብሰባዎችዎ የማይቋረጥ ይሁን እያልኩ፣ ከአሸተን ማርያም ግርጌ የምኖር ሽማግሌ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ስለሆነ፣ ስህተት ቢያገኙብኝ እኛ ዳቦዎን እንደታገሥን ይታገሡኝ።

አንደኛ፣ ልጄ አሰለች ሞዴል ትሆን ዘንድ የእርሾ ማሰሮአችንን የጀርም ቤት ነው ብለው ስላስደፉልን አመሰግናለሁ። እርሾው የሟች ባለቤቴ የአመተ ጊዮርጊስ ነበር። ከእናቷ ቤት ይዛው መጥታ፣ በጋገረች ቁጥር ከሊጡ ጥቂት እያስቀረች ዕድሜዋን ሙሉ አኖረችው። እርሷን ቀብረን ስንመለስም እርሾው ሕያው ነበር። ጀርም መሆኑን ሳላውቅ ኖሬ፣ ይኸው በእርስዎ ትጋት ነቃሁ።

ሁለተኛ፣ በምትኩ ስላደሉን ቤኪንግ ፓውደር ስለሚባለው ነጭ ዱቄት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ውሃ ከነካው በኋላ ሳይውል ሳያድር እሳት እንደሚፈልግ በሥልጠናው ላይ ለመናገር ጊዜ እንዳጠረዎት እረዳለሁ፤ የልማት ሠራዊቱ ሪፖርት ይጠብቅዎት ነበር። በእኛ አገር የዳቦ ሊጥ ማታ ተቦክቶ ያድራልና፣ የማርያም ማኅበር ተራችን ሲደርስ አሰለችም እንደ ወጉ አቡክታ አሳደረችው። ሊጡ ተነፍቶ፣ መልሶ ተንፍሶ አደረ። ጠዋት ከእሳት የወጣው ድፎ እንደ ወፍጮ መጅ የጠጠረ፣ ጣዕሙም ሳሙና ነበር። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ባርከው ሊቆርሱ ሲሉ ቢላዋው እምቢ አላቸው። ያን ጊዜ ጎረቤቴ ፈንታው፣ «አባ፣ አንዴ ይድገሙበት፤ ምናልባት በጸሎት ይነሣ ይሆናል» አላቸው። ማኅበርተኛው ሁሉ ሳቀ። ልጄ ሌማቱን ይዛ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ማኅበር ደጅ አልደረሰችም።

ሦስተኛውን አሳጥራለሁ። እርሾ ልንበደር ብንዞር የመንደሩ ማሰሮ ሁሉ ተደፍቷል። አንዲትም ሴት ወደኋላ አለመቅረቷን ለበላይ አካል ሲገልጹ፣ እኔን በምስክርነት ይጥሩኝ።

ውለታዎን ቆጥሬ የማልጨርስ፣ ለጉባኤዎ ሲጠሩኝም ከኋላ ተቀምጬ የማላጨበጭብ፣
ከፋለ አዳም

ተጨማሪ፦ ባለፈው እሁድ በልጅዎ ክርስትና የቀረበልን ድፎ በእርሾ የተነሣ መሆኑን፣ ካልቀመሰው ሰው በቀር የሚጠራጠር የለም። ባለቤትዎ ማሰሮአቸውን በመሸሸጋቸው አልነቅፋቸውም፤ ከቤትዎ አንድ አስተዋይ ሰው አልጠፋም። ነገ አሰለችን እልካታለሁና ጥቂት ይስጧት፤ ጋግራ ወደ ማኅበሯ ቀና ብላ ትግባ። እኔ ግን ከዚያ ዳቦ አልቀምስም፤ የአመተ ጊዮርጊስ አይደለም።