ያንተን ሁለተኛ ቤዝ ማን ይያዝ?

ወንድሜ ራዳሜስ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም እየደበቅከን ነው? የማድሪድ ብርድስ ጋብ አለ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። የሸንኮራው ማሳ እየተቃጠለ ስለሆነ መንደሩ ሁሉ ጥቀርሻ ለብሷል፤ የእማዬ አንሶላዎች እንኳ አልተረፉም።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ቤዝቦል ቡድናችን ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ በቦታህ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ያቆምነው ሁሉ አልበረክት አለ። አሰልጣኛችን ዶን ሚልሲያዴስ የትንሣኤው ውድድር ሲቃረብ፣ ከጎንህ የሚቆመውን አንተው መዝን ብለው ምርጫውን እኔ ላይ ጣሉት። እኔና አንተ እኮ አንጠራራም ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ኳሷን ከመሬት ለቅሜ ሳላይህ ስወረውራት አንተ እዚያው ነህ። አባባ ነፍሱን ይማረውና፣ እነዚህ ልጆች የሚተነፍሱት በአንድ ሳንባ ነው ይል ነበር።

መጀመሪያ በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልሰውን ዋስካርን ሞከርኩ። እጁ ፈጣን ነው፤ የተጋጣሚ ሯጭ ቤዙን ሊረግጥ ሲመጣበት ግን ጥሎት ይሸሻል። ማንጎው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች፣ «ዋስካር፣ ሰውየው ሒሳብ ሊከፍልህ ነው እኮ፣ ምን ያስሮጥሃል?» እያሉ መሳቂያ አደረጉት። ቀጥሎ ሥጋ ሻጩ ፍራንክሊን ገባ። እሱ በሬ ቢመጣበት ንቅንቅ አይልም፤ ኳሷ ግን ጓንቱን ነክታ ቆርቆሮ ላይ እንደወደቀ ጠጠር ትነጥራለች። ሁለቱንም አይሆኑም አልኩ።

ሦስተኛው የዳቦ ቤቱ ዮርዳኒ ነበር። ብርቱ ክንድ አለው። እሱንም ዘገምተኛ ነው ብዬ ልጥለው ስል ዶን ሚልሲያዴስ ወደ ጥላው ጠሩኝና፣ «ኤሊሂዮ፣ ልጄ፣ አንተ ሰው እየመረጥክ አይደለም። ወንድምህን እየጠበቅክ ነው» አሉኝ። ወዲያውም ዮርዳኒን በኔ ቦታ፣ እኔን ባንተ ቦታ አቆሙን።

ወንድሜ፣ ከዚያ ሆነው ሲያዩት ጨዋታው ሌላ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሯጩን ፊት ለፊት እያየሁ ነው የወረወርኩት። ትናንት እሑድ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ የዮርዳኒን ኳስ ስጠብቅ፣ የሯጩ ኮቴ ከኋላዬ እየቀረበ መጣ። ኳሷ ዘገየች፤ መጣችም ዝቅ ብላ። እንደምንም አፍሼ ወደ አንደኛው ቤዝ እንደላክኋት ሯጩ ተንሸራቶ እግሬን ጠረገው፤ አፈር ላይ ተዘረርኩ። ኳሷ ቀድማቸው ቤዝ ስለደረሰች ግን ሁለቱም ሯጮች ከጨዋታ ወጡ። ያን ሁሉ ዓመት እኔ የወረወርኩልህ ሁሉ የተቃና ነበር? ማታ እግርህን በጨው ውኃ ስትዘፈዝፍ፣ ሩጫው ነው ትለን ነበር እንጂ ሌላ ነገር ከአፍህ አልወጣም።

ስነሳ አፈር በአፈር ሆኛለሁ። እማዬ አጥሩ ጋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ሰው ቆሞ ብቻ ነው ያየችው። «ራዳሜስ፣ ተጎዳህ ወይ ልጄ?» ብላ ተጣራች። ሊያርማት የደፈረ የለም።

«ደህና ነኝ፣ እማዬ» አልኳት።

ባለቤትህን ሚላዲስን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ትንሿን ልጅህን ዳያናንም ጉንጯን። አክስታችን ኦርቴንሲያ ስለ ላክህላት መነጽር ትመርቅሃለች። እማዬ የጾሙን ባቄላ በስኳር ስትሠራ ዛሬም ያንተን ሳህን ታወጣለች፤ የምበላው እኔ ነኝ። ዶን ሚልሲያዴስ ጉልበቱን ይጠብቅ ብለውሃል። ስትመጣ እኔ ወደ ድሮ ቦታዬ እመለሳለሁ፤ ዮርዳኒ ከፈለገ ይቀየመኝ።

ታናሽ ወንድምህ ኤሊሂዮ
ባቴይ ላ ሴይባ፣ ማርች 16 ቀን 1998