«አያስፈሩም» ስለተባሉት አዛውንት ደም መጣጭ

«ደም መጣጩን ሆነው የሚጫወቱት አዛውንት አያስፈሩም። ግድግዳ እየዳበሱና እግራቸውን እየጎተቱ ስለሚሄዱ ተመልካቹን ከማስፈራት ይልቅ ያሳዝናሉ። ስለሆነም በሌላ ተዋናይ ተተክተው ፊልሙ እንደገና ተቀርጾ ሲቀርብ ኮሚቴው ጉዳዩን የሚመለከተው ይሆናል።»
(ከኮሚቴዎ የውሳኔ ደብዳቤ፣ ተራ ቁጥር 6፣ ቃል በቃል የተወሰደ)

ለተከበሩ የፊልም ምዘናና የማሳያ ፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የአራቱን የኮሚቴ አባላት ጤንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ በተለይ ዓይናችሁ እንዴት ሰንብቷል? የሰማንያ አራት ደቂቃ ፊልም ለመመዘን ሰባት ወር የፈጀባችሁ ሰዎች ምን ያህል እንደደከማችሁ መገመት አያቅተኝም፤ ለድካማችሁም ዋጋ የማይነሳው አምላክ ይክፈላችሁ እላለሁ።

እኔ በሙያዬ ፋርማሲስት ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት በሚሊግራም ስለካ ስለኖርሁ ግምት የሚባል ነገር አልወድም። አስፈሪ ፊልምም አልወድም። ፊልሙን የጻፈችውና ያዘጋጀችው ታናሽ እህቴ ናት፤ ልብስ ሰፊ ነች። ደም መጣጩን ሆነው የተጫወቱት አባታችን ናቸው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ፖስተኛ። ደሙን ያፈላሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ «ወገንተኛ ነህ» ቢሉኝ አልቀየምም። ይሁን እንጂ ስለዚህ ፊልም ጉድለት ከእኔ የከፋ የተናገረ ሰው እስካሁን አልተገኘም። የሌሊት ወፏ የተሠራችው ከአሮጌ ጃንጥላ ነው፤ ክንፏን ስትዘረጋ እጀታዋ ይታያል። ይህን ለእህቴ ከነገርኋት ወዲህ ዘጠኝ ቀን አኩርፋኝ ሰላምታዋን በባለቤቴ በኩል ስትልክልኝ ሰንብታለች። የሚገርመው ግን ኮሚቴዎ ስለ ጃንጥላው አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ስለዚህ በደብዳቤያችሁ ቅደም ተከተል መሠረት፣ ከፍ ባለ ትሕትና፣ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ። «ደሙ ሮዝ ነው፤ ይህም ማኅበረሰቡ ስለ ደም ያለውን ግንዛቤ ያዛባል» ብላችኋል። ሮዝ መሆኑ እውነት ነው። ግሊሰሪን፣ ቀይ የምግብ ቀለምና ጥቂት ኮኮዋ በፋርማሲው የኋላ ክፍል ሦስት ጊዜ አፍልቼ፣ በሦስተኛው አንድ ደንበኛዬ አይቶ «ምን ሆነህ ነው?» እስኪለኝ ድረስ ተሳክቶልኝ ነበር፤ በእህቴ የስፌት ክፍል ነጭ መብራት ሥር ሲፈስ ግን የእንጆሪ ሽሮፕ መሰለ። ጉድለቱን ያለ ክርክር እወስዳለሁ። ስለ ማኅበረሰቡ ግንዛቤ ግን ኮሚቴው እንዳይጨነቅ እለምናለሁ፤ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ጣቱን ቢላ ቆርጦት ወደ እኔ የመጣ ሰው ሁሉ የገዛ ደሙን ሳይሳሳት ለይቷል።

ሁለተኛ። «ደም መጣጭ በፀሐይ ብርሃን እንደሚጠፋ እየታወቀ በጠራራ ፀሐይ ሲመላለስ ይታያል» ብላችኋል። ይህም እውነት ነው። ካሜራውን የያዙልን ሰው በሠርግ ቀረጻ የሚተዳደሩ ናቸው፤ ውጭውን በሌሊት የሚያበራ መብራት ስላልነበረን በእኩለ ቀን ቀርጸን በኮምፒውተር አጨለምነው። የአባታችን ጥላ ግን እግራቸው ሥር ተኮማትሮ ቀረ፤ ጨረቃ እንዲህ ያለ ጥላ እንደማትሠራ እኔም ለእህቴ ነግሬያት ነበር። ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ በተራ ቁጥር 4 «ፊልሙ እጅግ ከመጨለሙ የተነሳ ምንም አይታይም» የሚል ሰፍሯል። አንድ ፊልም በአንድ ገጽ ላይ ከልክ በላይ ብሩህም ከልክ በላይ ጨለማም መሆን እንደሚችል ስላስተማራችሁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ። «ውሻው ደም መጣጩን ሲያይ ማላዘን ሲገባው ጭራውን ይቆላል።» ትክክል። ውሻው የጎረቤታችን የዳቦ ጋጋሪው ነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ደጋግመን ቀረጽነው፣ አሥራ አንድ ጊዜም ጭራውን ቆላ፤ በስምንተኛው ላይ የአባታችንን እጅ ላሰ። ፖስተኛ በነበሩበት ዘመን ውሻ ሲያባርራቸው የኖሩት አባታችን ቀረጻውን ረስተው «ታዲያ ሥራ ላይ ሳለሁ ምን አደረግኋችሁ?» እያሉ ጆሮውን ሲያሹት ቆዩ። እህቴ በመጨረሻ «በቃ ይቆላ፣ ሞኝ ውሻ ነው ይባላል» ብላ አሳለፈችው። እኔ ብሆን ቆርጬ አወጣው ነበር። ይህንንም ተቀብያለሁ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ላቁምና፣ የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ደብዳቤያችሁ በመግቢያው «በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠሩ የደም መጣጭ ፊልሞች በአጠቃላይ ጥበባዊ ፋይዳ የላቸውም» ስላለው ጉዳይ ጥቂት ልበል። እህቴ ለጥናት ብላ አሥራ አራቱን ከየአገሩ ሰብስባ ስታይ አጠገቧ ተቀምጬ ስላየሁ፣ ጉድለታቸውን ከኮሚቴው በተሻለ አውቃለሁ። ደም መጣጮቹ የሚሰኩት ጥርስ ስለማይመቻቸው ሁሉም ይንተባተባሉ። አንድ ኮሪደር የግድግዳው ሥዕል ብቻ እየተቀየረ ሦስት ቤት ይሆናል። የሞተችው ሴት ትተነፍሳለች። የምትሸሸው ሴት ደግሞ በለጥ ባለ ወለል ላይ ያለ ምክንያት ትወድቃለች። ማውራት ገንዘብ ስለማይጠይቅ አንድ ሐኪም ቆሞ አሥር ደቂቃ ሙሉ ስለ ደም መጣጭ ባሕርይ ያስተምራል፤ ዘጠኙ ደቂቃ ትርፍ ነው።

ነገር ግን ገንዘብ የሌለው ሰው ማሳየት ስለማይችል ተመልካቹን ማስጠበቅን ይማራል። ደም መጣጭ የቤቱ ባለቤት «ግባ» ካላለው ከደጃፍ አያልፍም የሚለው ሕግ፣ ብዙ ገንዘብ ባላቸው ፊልሞች ውስጥ በጭስና በነፋስ መካከል ተረስቶ ይቀራል። ድሃው ፊልም ግን ከዚህ ሕግ በቀር ሌላ ሀብት የለውም፤ የሚያስፈልገው አንድ በር፣ አንድ የሚያንኳኳ እጅና አንድ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ነው። አባቶች «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲሉ ያለ ምንም በጀት የተሠራ የደም መጣጭ ፊልም ሠርተዋል። የሚያስፈራው ጅቡ አይደለም፤ ተነስቶ የሚያነጥፈው ሰው ነው። ከመካከላችን እንዲህ ላለ እንግዳ በሩን በገዛ እጁ ያልከፈተ ማን አለ? እኔ ከፍቻለሁ፤ ዝርዝሩ ኮሚቴውን አይመለከትም።

በእህቴ ፊልም ውስጥ ይህ የሚሆነው ከሠላሳ ሦስተኛው እስከ ሠላሳ ሰባተኛው ደቂቃ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት (የእህቴ ደንበኛ የሆኑ የሒሳብ መምህርት ናቸው) በስፌት መኪናዋ ትሰፋለች። በር ይንኳኳል። አባታችን የካፖርት ገበር ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። በጽሑፉ መሠረት ማለት የነበረባቸው «አስገቢኝ፣ ሌሊቱ በረታብኝ» ነበር፤ ፊደሉ ስለማይታያቸውና ቃሉም ስለጠፋቸው ግን ሠላሳ አራት ዓመት በየደጃፉ ሲሉት የኖሩትን አሉ፤

«ደብዳቤ ይዤልሽ መጥቻለሁ፣ ልጄ። እዚህ ጋ ፈርመሽ ተቀበዪኝ።»

ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ጥድፊያ አልነበረውም። የመምህርቷ እግር ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ። ከአራት መቶ በላይ ሠርግ ቀርጸው ዓይናቸውን ከካሜራ ያላነሱት ሰው ወደ ኋላ ሲሸሹ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጋር ተጋጩ። ደሙን ያፈላሁት፣ ጥርሱንም ከጥርስ ሠራተኛ ዘንድ በእጄ ያመጣሁት እኔ ሰውዬው፣ የወለደኝን አባቴን ፈራሁ። በሕይወቴ በፊልም ምክንያት የተነሳሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ተነስቼም የበሩን መቀርቀሪያ ነካሁ።

ኮሚቴው ይህን ትዕይንት እንዴት እንዳየው ለማወቅ ጓጉቼ ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብሁ። ስለ ትዕይንቱ ምንም የለም። በምትኩ ያገኘሁት ይህን ነው።

አምስተኛ። «ከሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ምስሉ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሲሆን ድምፅም የለውም። አዘጋጇ ጨለማን ለመግለጽ የሄደችበት መንገድ ከመጠን ያለፈ ነው።»

የመለሳችሁልንን ቅጂ በሦስት ቦታ፣ በሦስት የተለያዩ መሣሪያዎች አየሁት። ሰማንያ አራቱም ደቂቃ ምስልም ድምፅም አለው። ግራ ገብቶኝ ባለፈው ሳምንት ማብራሪያ ልጠይቅ ቢሮአችሁ መጣሁ፤ የሚያነጋግረኝ ባላገኝም፣ በመመልከቻው ክፍል ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ላፕቶፕና ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አገኘሁ። እንዲህ ይላል፤ «ባትሪው ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም። ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ተጠቀሙ።»

ግምት አልወድም ብዬ ነበር። ሆኖም ሁለት አማራጭ ብቻ ይታየኛል። ወይ አምስት የተከበሩ ሰዎች በጠፋ ላፕቶፕ ፊት ሃምሳ ሦስት ደቂቃ በዝምታ ተቀምጠው በአዘጋጇ ድፍረት ሲደነቁ ቆይተዋል፤ ወይም ሻይ ሊጠጡ ወጥተዋል። ለኪነ ጥበብ ካላችሁ አክብሮት የተነሳ የመጀመሪያውን አምናለሁ።

ስድስተኛ። ይህኛው ከላይ በመግቢያው ላይ ስላለ አልደግመውም።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ አባታችን ግድግዳ የሚዳብሱት ግድግዳው ስለማይታያቸው ነው። የዓይን ነርቫቸው እየሞተ ነው፤ ጠብታውን የምሰጣቸው እኔ ስለሆንሁ መጠኑንም፣ የቀረውን ተስፋም አውቃለሁ። እህቴ የደም መጣጩን ሚና ለአንድ ወፍራም ጎረምሳ ልትሰጥ ስትል ጠርተውን የተናገሩትን እንደወረደ አስቀምጣለሁ፤ «ሰማንያ አንድ ዓመት ኖርሁ፤ ማንም ፈርቶኝ አያውቅም። እናንተ እንኳ፣ ልጆቼ ሆናችሁ፣ አልፈራችሁኝም። እስቲ አንድ ቀን ሰው ይፍራኝ።» ይህን ያሉት ሳይስቁ ነው። ቴሌቪዥን ላይ አሁን የሚታያቸው ጭጋግ ብቻ ነው፤ ሐኪማቸው ግን በትልቅ ሸራ ላይ ከፊተኛው ረድፍ ቢቀመጡ የራሳቸውን ፊት ሊለዩ ይችላሉ ብለውናል፤ «ቶሎ ከሆነ» የሚለውን ጨምረው።

ቶሎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በቤታችን የምንለካበት መንገድ አለ። አባታችን ቅዳሜ ቅዳሜ በግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ከወንበራቸው ሆነው ያነባሉ፤ ካልታያቸው ወንበሩን እናስጠጋለን። ፊልሙን ለኮሚቴዎ ያስገባን ሰሞን ወንበሩ ከግድግዳው ስድስት የወለል ሴራሚክ ይርቅ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ተኩል ደርሷል። የቀረውን ስሌት ለኮሚቴው እተወዋለሁ።

ደብዳቤያችሁ የመጣ ቀን እህቴ ጮክ ብላ ስታነብላቸው አምስተኛው ላይ አቆመች። «ስለ እኔስ ምንም አላሉም?» አሏት። እህቴ ዋሽታ አታውቅም፤ ሲያቅታት እንኳ ዝም ትላለች እንጂ። ያን ቀን ግን «በጣም ያስፈራሉ ብለዋል፣ አባዬ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ገበሩን ራሳቸው ተኩሰው ወንበራቸው ጀርባ ላይ ሰቅለውታል፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ «መቼ ነው?» ይላሉ። ጋዜጣ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ይህ ደብዳቤዬ የወጣበትን ገጽ እዘለዋለሁ።

ስለዚህ ምሕረት አልጠይቅም። ፊልሙ ጥሩ ነው በሉም አልልም፤ ጃንጥላውን አይቻለሁ። የምጠይቀው ኮሚቴው ሶኬት ፈልጎ፣ ሰማንያ አራቱንም ደቂቃ ተመልክቶ፣ ይፈቀዳል ወይም አይፈቀድም የሚል፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና የአምስቱም አባላት ፊርማ ያለበት የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ ነው። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት አዳራሹን ለቅዳሜ መጋቢት 20 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይዞልናል። መልሱ ከሐሙስ መጋቢት 18 ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት በእጄ እንዲገባ እጠይቃለሁ። በስልክ የሚሰጥ መልስ፣ «እየታየ ነው» የሚል መልስ፣ «ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል መልስ እንደ መልስ አይቆጠርም።

ለኮሚቴው ካለኝ የማይለካ አክብሮትና በሚገባ ከተለካ ትዕግሥት ጋር፣ የእናንተን ረጅም ዕድሜና የላፕቶፓችሁን ብርታት እየተመኘሁ፣

ታዛዣችሁ፣
ደሙን ያፈላው ፋርማሲስት

ማስታወሻ፦ መልሱ ከተጠቀሰው ቀን የሚዘገይ ከሆነ ከፊተኛው ረድፍ ሁለት ወንበር ይዘን እንጠብቃለን፤ አንዱ ለአባታችን፣ ሁለተኛው ለእርስዎ። ፊልሙ በሚታይበት በየትኛውም ቀን መጥተው አጠገባቸው ይቀመጡና፣ ሸራው ላይ ምን እንዳለ፣ ፊታቸው ምን እንደሚመስል፣ በሩ ሲንኳኳ ከኋላ ማን እንደደነገጠ ቀስ ብለው በጆሯቸው ይንገሯቸው። ሲጨርሱ ተራ ቁጥር 6ን ያንብቡላቸው፤ ከእኛ ቤት ሊያነብላቸው የቻለ ሰው አልተገኘም።