ከአራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት

ለምወድሽና ለምፈራሽ እህቴ፣ ለእትዬ፦

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምንስ ከረምሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? እማማን ጉልበቷ ተሻላት ወይስ አሁንም ደረጃውን እየተራገመች ነው የምትወጣው? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጆችሽ፣ ድምቡሼና አኩራፊው ወንድሟስ ደህና ናቸው? እኔ በቁመቴ አለሁ። ግራ እጄ ላይ ፋሻ አለ፤ የላይኛው ከንፈሬም ሁለት ቦታ ተሰፍቷል። የቀረው ቁስሌ ለሐኪም የሚታይ አይደለም። ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው። ለእማማ ስታነቢላት መካከሉን ዝለይላት፤ እንደምታውቂው ከደብዳቤ የሰማችውን ሁሉ በሕልሟ ደግማ ታየዋለች።

ልጆቹን ይዘሽ ለመምጣት የትኛው ቀንና የትኛው ሰዓት እንደሚሻል ጠይቀሽኝ ነበር። ባለፈው የላክሁልሽን ምክር ቅደጂው። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ነይ፣ በትንሹ በር አስገባሻለሁ ያልኩሽን ማለቴ ነው። ያ ምክር ሰው ገድሏል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። እዚህ የልጆች መጫወቻ መናፈሻ በር ላይ ዘጠኝ ዓመት ስቆም ሰዓታችን ከጠዋቱ ሁለት እስከ ምሽቱ አንድ ነበር። ሰው ማንም ሳያዘው ራሱን በራሱ ያከፋፍላል። ጠዋት ሕፃን የታቀፉ እናቶች ይመጣሉ፤ ቀትር ላይ ተማሪው ይጎርፋል፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከሥራ የወጣው የልጁን እጅ ይዞ ይደርሳል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ሰው አሳፍሮ ሽቅብ ለሚዞረው ትልቅ መንኮራኩር የተሰለፈ ሰው የያዛትን ለውዝ በልቶ ሳይጨርስ ተራው ይደርሰው ነበር። እኔም በሩ ላይ ቆሜ እየቀለድኩ፣ እየተሰደብኩ፣ እየሳቅሁ እውላለሁ።

ከሦስት ወር በፊት ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ከእንግዲህ የምንከፍተው አራት ሰዓት፣ የምንዘጋው አሥር ሰዓት ነው ይላል። የመብራቱና የሠራተኛው ወጪ በዝቷል አሉ። ሰዓቱ በግማሽ ሲቀንስ ሰውም በግማሽ የሚቀንስ መስሏቸዋል። ሰው ግን እንደ አምፖል አይጠፋም። ከጠዋት እስከ ማታ ቀስ እያለ ሲገባ የሚውለው ሕዝብ አሁን አንድ ላይ ልግባ አለ። ይባስ ብሎ መንገድ ዳር የተተከለውን ትልቁን የሰዓት ሰሌዳ የቀየረው የለም። ከሩቅ በአውቶቡስ የሚመጣው ሰሌዳውን አምኖ ሁለት ሰዓት ላይ ይደርስና እስከ አራት ፀሐይ ላይ ይገተራል። በሩ ሲከፈት የሚጠብቀን ሕዝብ ውኃ የጠማው፣ ልጁ ያለቀሰበት፣ ሽንቱ የወጠረው፣ ዓይኑ የቀላ ነው። ለሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ይለምዱታል አለኝ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ከትኬት መሸጫው መስኮት ጎን፣ በግንቡ ውስጥ፣ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃን ጋሪ የተሠራች ጠባብ የብረት በር አለች። ድሮ ሰው ሳይበዛ፣ ከመክፈቻው ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀደም ብዬ እከፍታትና ሕፃን የያዙትን አስገባ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ የገዛ ደግነቴ ናት። እኮራባትም ነበር፤ ላወቅሁት ሁሉ እናገር ነበር። ላንቺም ጻፍኩልሽ። ለመካኒኩም ነገርኩት።

መካኒኩን አታውቂውም። ከመናፈሻው ማዶ ካለው ጋራዥ ነበር የሚሠራው። ማክሰኞ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ሲያልፍ፣ እጁን በጋዝ ታጥቦ፣ የአራት ዓመት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመጣ ነበር። ሰዓቱ ሲለወጥ እሱ ከሥራ ሲወጣ እኛ ተዘግተን ያገኘን ጀመር። ሁለት ማክሰኞ ከተዘጋ በር ተመለሰ። ልጅቱ በአጥሩ ብረት አሾልቃ የቆመውን መንኮራኩር እያየች ስታለቅስ አንጀቴ አልችል አለ። አለቃህን አስፈቅድና ቅዳሜ ጠዋት ና፣ በትንሹ በር አስገባሃለሁ አልኩት። መረቀኝ።

ትምህርት ቤት የተዘጋበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ሰልፉ መንገዱን ዘጋው። መኪናው ጥሩምባውን ይነፋል፣ ልጁ ያለቅሳል፤ እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት ሲባባሉ ሁለት አባቶች ተያያዙና አንዱ የሌላውን ጥርስ አራገፈው። ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን እኔ እንደ ልማዴ ቁልፌን አወጣሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አላሰብኩም። እጄ ነው የከፈተው።

በሯ ገርበብ ከማለቷ ተከፈተ የሚል ጩኸት ከኋላ ተነሣ። የመጣብን ሰልፍ አልነበረም፤ ግንብ ነው የተናደብን። በሯ ከነማጠፊያዋ ተገንጥላ ደረቴን መታችኝ። የትኬት መሸጫው መስታወት ረገፈ። ሠራተኞቹ ሁሉ እናታችን የምንላትን ትኬት ሻጭ ጠረጴዛው ከግድግዳ ጋር አጣበቃት፤ የጎድን አጥንቷ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት፣ እንደ ደረቅ እንጨት ነው። ከኋላ ያለው የፊቱን አያይም፤ ይገፋል። ከፊት ያለው ይጮኻል፣ ቀጥሎ መጮኽ ያቅተዋል፤ ለመጮኽም አየር ያስፈልጋል። አንዲት ሴት ፀጉሯ በሰው ልብስ ቁልፍ ተይዞ አንገቷ ወደ ኋላ ይታጠፋል። አንድ ጎረምሳ ሰው ጀርባ ላይ ወጥቶ የሰው ራስ እየረገጠ ሲያልፍ እግሩን ጎትቼ አወረድኩትና ፊቱን በቡጢ አልኩት። ደግሜም መታሁት። እማማ እጅህ ከአፍህ ይቀድማል የምትለኝ እውነቷን ነው። የበሩን ሰንሰለት እጄ ላይ ጠቅልዬ፣ ተመለሱ እያልኩ፣ ፊቴ የመጣውን ሁሉ ገረፍኩ። ማንን እንደመታሁ አላውቅም። ልመለስ ቢሉም መመለሻ አልነበራቸውም፤ ያን ያወቅሁት ኋላ ነው። አንዱ በጃንጥላው ጫፍ ከንፈሬን ቀደደው። አልፈርድበትም።

መካኒኩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከእኔ ሦስት ክንድ ርቆ ግንቡ ጥግ ተጣብቋል። ልጁን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቷታል፤ በግራና በቀኝ የተጠቀጠቀው ሰው ክንዶቹን ደግፎ ይዟቸዋል። ልጅቱ አየችኝና፣ ስለምታውቀኝ፣ እጇን ዘረጋችልኝ። በሰው ላይ ተንጠራርቼ ልብሷን ጨብጬ ሳብኳት። እሱ አይለቃትም። ልቀቃት፣ ይዣታለሁ አልኩት። ጮኽኩበት፣ ሰደብኩት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ነው የወሰድኳት። እትዬ፣ ሰውየው ሞቷል። መውደቂያ ቦታ አጥቶ ነው የቆመው።

ፖሊስ ከኋላ በኩል ሕዝቡን እስኪበትነው ሩብ ሰዓት አልሞላም። አርባ ሦስት ሰው ቆሰለ። ልጅቱን እናቷ መጥታ እስክትወስዳት ድረስ አንገቴን እንዳነቀች ነበር።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ሕዝቡ ሥርዓት የለውም እያለ ሲያማርር ዋለ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ትንሿን በር ሳትቆልፍ የተወችው ትኬት ሻጯ ናት ተባለ፤ በደንቡ ቁልፉ እሷ ክፍል ነበር መሰቀል ያለበት። ቁልፉ ግን ስንት ዓመት በእኔ ኪስ ነው የኖረው። በሩን እኔ እንደምከፍት ብዙ ሰው ቢያውቅም፣ ቁልፉ የት እንደሚያድር የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። አራት ቀን ዝም አልኩ። ወንድምሽ ለጠብ ደፋር፣ ለእውነት ግን ፈሪ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ አፈርኩ።

እሷ በተወነጀለች በአምስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ልጠይቃት ሄድኩ። ትንፋሽ በሳበች ቁጥር ፊቷ ይጨማደዳል። ስለ ቁልፉ ታነሣብኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ ምሳ በልተሃል ወይ አለችኝ። አልበላሁም ስላት ራስጌዋ ያለውን ብርቱካን በዓይኗ አሳየችኝ። ብርቱካኑን መላጥ አቃተኝ። ከዚያ በቀጥታ ወደ መርማሪዎቹ ሄጄ ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። የከፈትኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ከወንበሩ ሳልነሣም ሰዓቱን ማን እንዳሳጠረው፣ ሰሌዳው ለምን እንዳልተቀየረ፣ ሁለት ጊዜ ተናግሬ ምን እንደተመለሰልኝ ነገርኳቸው። ሁለቱንም ጻፉት።

አሁን ሰዓቱ ወደ ጥንቱ ተመልሷል፤ ሰሌዳውም አዲስ ነው። ትንሿ በር በብየዳ ታሽጋለች። እኔ ከሥራ ተባርሬያለሁ፤ ክሴ በሚመጣው ወር ይታያል። እታሰር እንደሆን ጠበቃውም አያውቅም። መካኒኩ ቤትም ሄጄ ነበር። ሚስቱ ከፈተችልኝ፤ ማን እንደሆንኩ ስነግራት ፊቴ ላይ ዘጋችው። ደግ አደረገች። ልጅቱ ግን ድምፄን አውቃ፣ ባለበሩ መጣ፣ ባለበሩ መጣ እያለች ከውስጥ ስትጮኽ ሰማኋት። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

ለጥያቄሽ መልሴ ይኸው። ቅዳሜና እሑድ አትምጪ። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድረሺ፤ ተማሪው ወጥቶ ሠራተኛው ገና ያልደረሰበት ሰዓት ነው። ሰው ከገፋ ልጆቹን ግንብ ጥግ አታቁሚ፤ ተዪውና ተመለሺ፣ መንኮራኩሩ የትም አይሄድም። ግን ይህን ሁሉ ካነበብሽ በኋላ ልጆችሽን ለእጄ ታምኚያቸዋለሽ ወይ? እሱን ጻፊልኝ። እንቢ ብትዪኝም አልቀየምሽም።

ለእማማ ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ ቁስሌ ከጠየቀችሽ በሩ ወድቆብኝ ነው በያት፣ ውሸትም አይደለም። ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ለጠበቃ የሚሆን ሰው ቢያውቅ አደራ በይልኝ። አኩራፊውን ኩርፊያህን ለአጎትህ አስቀምጥለት በይው። ድምቡሼን ደግሞ፣ አጎትሽ ከእንግዲህ ባለበር አይደለም፣ ቀድሞ የሚያስገባሽ ሰው የለም በያት። ካልታሰርኩና ከመጣችሁ ግን ትከሻዬ ላይ አድርጌያት ከሰልፉ መጨረሻ እቆማለሁ። በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ተሰልፌ አላውቅም። ተራችን ሲደርስ፣ በትልቁ በር እንገባለን።

ወንድምሽ

ከመናፈሻው ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ከተዘጋው ክፍሌ
እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ዘጠኝ