ዘፋኝ የሌለው ሸክላ

ዓምደሚካኤል፣
ቀበሌዎቹ ዛሬ ይፈቱሃል ሲሉ ሰማሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቀህ ብላ።

ሸክላዎቼን አትንካ። ጆሮህ ከሠርግ ዘፈን አያልፍም።
አገሩ ሊገባ ዕቃውን ከሚሸጥ ጣሊያን ስንት ወር ለምኜ ያገኘሁትን የሮክ ሸክላ "ሞተር ነው እንዴ?" ያልክ ሰው ነህ።

ቤታችንን ሊፈትሹ የመጡት የቀበሌ ሰዎችም ካንተ አይሻሉም። ያንኑ ሸክላ አስከፍተው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዘፋኙ እስኪጀምር ጠበቁ። ዘፋኝ የለውም!
"የማን ነው? ምን ይላል?" ሲሉ "የኔ ነው፤ ስለ ፍቅር ነው" አልክ። ደንቆሮ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አላረምኩህም።
አንተን ወስደው ሸክላውን ጥለውት ሄዱ።

ናዝሬት አክስቴ ጋ ሄጃለሁ። ያ ሸክላ አልጋህ ላይ ነው። ያንተ ነው ብለሃል፤ ያንተ ይሁን።

አታክልቲ